ያያል ወይስ ያግዳል? ነፃ የሰርጎ ገብ መከላከያዎች በቤት ኮምፒውተር ላይ ሲፈተኑ

አንቲቫይረስ ፋይሉን ይመረምራል፤ ሰርጎ ገብ መከላከያ ግን የፋይሉን ሥራ ይመረምራል። ሰነድ መክፈት የዎርድ ሥራ ነው፤ ፓወርሼልን (የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያን) ማስነሳት ግን ሥራው አይደለም። ፒዲኤፍ ማንበቢያ የይለፍ ቃል መረጃ የሚቀመጥበትን የዊንዶውስ ሜሞሪ ለማንበብ ከሞከረ፣ ፋይሉ በየትኛውም የቫይረስ ዝርዝር ባይኖርም አንድ የተበላሸ ነገር አለ። እዚህ የተነጻጸሩት እንዲህ ያለውን ድርጊት ገና ሲጀምር ለማስቆም የተሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው፦ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር፣ ኮሞዶ፣ ስኖርትና ሱሪካታ፣ እንዲሁም ለሊኑክስና ለማክ የሚሆኑ ጥቂቶች።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለአብዛኛው የዊንዶውስ ተጠቃሚ በደንብ የተስተካከለ ዲፌንደር ይበቃል። ከሁሉም ጥብቅ ቁጥጥር የሚሰጠው ኮሞዶ ነው፤ ግን ጥያቄ ያበዛል፣ መልሱንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሱሪካታ እጅግ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም ቦታው የምንሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በራውተሩ በኩል ነው። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ችግር አለ፤ እሱም የአቅም ማነስ አይደለም። እያንዳንዳቸው "ማየት" እና "ማገድ" የሚባሉ ሁለት ሁኔታዎች አሏቸው፤ ብዙ ሰው ጭኖ የሚተዋቸው ደግሞ በማየት ላይ እያሉ ነው። ሎጉ (የድርጊት መዝገቡ) ይሞላል፣ ምልክቱ አረንጓዴ ያበራል፣ አጥቂው ግን ያልፋል። ስለዚህ ከጫኑ በኋላ መፈተን የግድ ነው።

አፈታተኑ

ፈተናውን በዕለት ሥራ ኮምፒውተር ላይ ማድረግ አይገባም። ቨርቹዋል ቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ንጹህ ዊንዶውስ ይጫኑ፤ ለዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 2 ኮርና 64 ጊጋባይት ዲስክ ያስፈልጋል። ዝመናው ሁሉ ካለቀ በኋላ ስናፕሾት (ተመልሰው የሚነሱበት ቅጂ) ይያዙ። እያንዳንዱ መከላከያ ከዚያው ስናፕሾት ተነስቶ ለብቻው ይፈተናል። አንዱን አራግፎ ሌላውን በዚያው ዊንዶውስ ላይ መጫን ውጤቱን ያበላሸዋል፤ የመጀመሪያው ድራይቨር ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይወጣምና።

በጣም የተለመደው ስህተት በኢካር ፋይል መፈተን ነው። ኢካር 68 ባይት ያላት ምንም ጉዳት የሌላት ፋይል ስትሆን፣ አንቲቫይረሶች ሁሉ እንዲያውቋት የተስማሙባት ናት። እሷ ስትያዝ አንቲቫይረሱ እንደበራ ይታወቃል፤ ስለ ሰርጎ ገብ መከላከል ግን አንዲት ቃል አትነግረንም። የኮሞዶ ሊክ ቴስትም እንዲሁ በኤክስፒና በቪስታ ዘመን የተሠራ ነው። ዛሬ ባለው 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሚሰጠው ነጥብ ያሳስታል፤ ከሚሞክራቸው ዘዴዎች ብዙዎቹን ዊንዶውስ ራሱ ስለዘጋቸው መከላከያ ባይኖርም "ተጠብቀሃል" ሊል ይችላል።

የሚጠቅመው ድርጊትን መፈተን ነው። በዎርድ ማክሮ (ሰነዱ ውስጥ በተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ካልኩሌተርን ማስነሳት፣ ስክሪፕት ጽፎ ዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ስም መቀየር፣ ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብር ማከማቻ) ውስጥ ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ነገር መጨመር፣ የኤልሳስን (የይለፍ ቃል መረጃ የሚይዘውን የዊንዶውስ ክፍል፣ LSASS) ሜሞሪ ለመቅዳት መሞከር። ለዚህ ሬድ ካናሪ ያዘጋጀው አቶሚክ ሬድ ቲም የተባለው ነፃ ስብስብ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ በማይተር አታክ (የጥቃት ዘዴዎች ዝርዝር) ቁጥር ተለይቶ ተቀምጧል። ለምሳሌ ቲ1547.001 የሬጅስትሪ ማስነሻውን፣ ቲ1003.001 የኤልሳስን ሜሞሪ ይመለከታል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ዲፌንደር የስብስቡን ፋይሎች ገና ሲወርዱ ያጠፋቸዋል። ፎልደሩን ከምርመራ ነፃ ማድረግ ግድ ይላል፤ ያ ነፃነት ግን አንዳንዶቹን የድርጊት ሕጎችም ሊያልፋቸው ስለሚችል "አላገደም" የሚል ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ግማሹ ፈተና ደግሞ ጥቃት የሌለበት ነው። ፕሪንተር፣ የጨዋታ ማስጀመሪያ፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የብራውዘር ዝመና፣ አሮጌ የሂሳብ ፕሮግራም። ሁለት ሳምንት በነዚህ እየሠሩ በስህተት የታገደውን፣ የመጣውን ጥያቄ ብዛትና ኮምፒውተሩ ለመነሳት የፈጀበትን ጊዜ መመዝገብ። ጥቃትን መቶ በመቶ የሚያግድ ግን በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ተማሮ የሚያጠፋው መከላከያ ያገደው ምንም የለም።

ዲፌንደር፦ ተኝቶ የሚገኘው ኃይል

ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው የሚያዩት የዲፌንደር ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው መሣሪያ አታክ ሰርፌስ ሪዳክሽን የሚባሉት ሕጎች ናቸው፤ ከነሱ ደግሞ አብዛኞቹ ጠፍተው ነው የሚመጡት። የኦፊስ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም እንዳያስነሳ፣ በኢሜይል የመጣ ተፈጻሚ ፋይል እንዳይሠራ፣ ከፍላሽ የሚነሳ ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዲቆም፣ የተድበሰበሰ ስክሪፕት እንዲታገድ፣ በደብሊውኤምአይ (የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ አገልግሎት) በኩል ተደብቆ መቆየት እንዳይቻል የሚያደርጉ ሕጎች አሉ። አብዛኞቹ ሕጎች አራት ዋጋ ይቀበላሉ፦ 0 ጠፍቷል፣ 1 ያግዳል፣ 2 መዝግቦ ያሳልፋል፣ 6 አስጠንቅቆ ለተጠቃሚው ምርጫ ይሰጣል። በ6 ላይ ተጠቃሚው "ይለፍ" ካለ ፈቃዱ ለ24 ሰዓት ይቆያል።

ችግሩ ማብሪያ ቁልፍ የላቸውም። በፓወርሼል የእያንዳንዱን ሕግ ረጅም መለያ ቁጥር እየጻፉ ማብራት ይቻላል፤ ግን አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሕጉ ሳይሠራ ይቀራል። የግሩፕ ፖሊሲ መስኮት ደግሞ በሆም እትም ላይ የለም። ይህን ክፍተት ኮንፊገር ዲፌንደር የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ይሞላዋል፤ ሁሉንም ሕጎች በአንድ መስኮት ይዘረዝራል፣ ዲፎልት፣ ሃይ፣ ኢንተርአክቲቭና ማክስ የሚሉ የተዘጋጁ ደረጃዎችም አሉት። ለቤት የሚመቸው ሃይ ነው። ማክስን ወላጅ ጋ ላለ፣ አዲስ ፕሮግራም ለማይጫንበት ኮምፒውተር ካልሆነ አንመክረውም። ከለወጡ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ይገባል፤ ይህን ዘልለው "አልሠራም" የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሁለት ሕጎች ላይ ትንሽ እንቆይ። የመጀመሪያው ብዙ ሰው ያልተጠቀመበትን፣ አዲስ የወጣን ወይም የማይታወቅን ተፈጻሚ ፋይል የሚያግደው ነው። ከሕጎቹ ሁሉ ኃይለኛው ምናልባት እሱ ሲሆን፣ በክላውድ ጥበቃ ላይ ስለሚመካ ክላውዱ ከጠፋ አይሠራም። ኮድ ጽፎ ራሱ ለሚያጠናቅር ሰው ግን ቅጣት ነው፤ ገና አሁን የተሠራ ፋይል በዓለም ላይ ማንም አላየውምና ይታገዳል። ለሥራ ፎልደሩ ብቻ ነፃነት ይስጡት። ሁለተኛው ኤልሳስን የሚጠብቀው ነው። ይህ ሎጉን ይሞላዋል፤ ብዙ ሐቀኛ ፕሮግራሞች ሳያስፈልጋቸው የኤልሳስን ፈቃድ ይጠይቃሉና። ተከልክለውም ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ በዚህ መደንገጥም ሆነ ነፃነት መስጠት አያስፈልግም።

ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1709 ጋር የመጣ ሲሆን፣ ያልታወቀ ፕሮግራም ሰነድ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ ፎልደሮች ላይ እንዳይጽፍ ይከለክላል። የሚገኘው ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ፣ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን በሚለው ሥር ነው። ዳውንሎድስም ሆነ ዲ ድራይቭ ላይ ያለ ፎልደር በራሱ አይጠበቅም፤ በእጅ መጨመር አለበት። የሚከለክለው መጻፍን እንጂ ማንበብን አለመሆኑን ልብ ይበሉ፦ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ያስቆማል፣ ሰርቆ የሚወስደውን አያስቆምም። አንድ ፕሮግራም ሲታገድ "በቅርቡ የታገዱ" ከሚለው ዝርዝር መርጦ መፍቀድ ቀላል ነው፤ ግን በዚያ ዝርዝር ፓወርሼል ቢታይ በፍጹም አይፍቀዱ። ፓወርሼልን የፈቀደ በፓወርሼል ለሚመጣ ሁሉ በሩን ከፍቷል።

እውነት ማገዱን ለማረጋገጥ ኢቨንት ቪወር ውስጥ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ኦፐሬሽናል ሎግ ይክፈቱ። 1121 ማለት ሕጉ አግዷል፣ 1122 መዝግቦ አሳልፏል፤ ለፎልደር ጥበቃው እንደየቅደም ተከተላቸው 1123 እና 1124 ናቸው። ካልኩሌተሩ ከዎርድ ተነስቶ ሎጉ 1122 ካሳየ ሕጉ በማየት ላይ ነው ያለው። ምንም ቁጥር ከሌለ ሕጉ አልበራም፣ ወይም ሌላ አንቲቫይረስ ተጭኖ ዲፌንደርን ከዋናነቱ አንስቶታል። ይህ ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ ነው፦ እነዚህ ሕጎች የሚሠሩት ዲፌንደር ዋናው አንቲቫይረስ ሆኖ የወዲያው ምርመራው ሲበራ ብቻ ነው።

የፕሮግራም ስህተትን ተጠቅሞ የሚገባን ጥቃት የሚያስቆመውን የዊንዶውስ ክፍል፣ ኤክስፕሎይት ፕሮቴክሽንን፣ እንደመጣ ይተዉት። ከውስጡ መከላከያዎች ዴፕና ሲኤፍጂ አስቀድመው በርተዋል፤ ማንዳተሪ ኤኤስኤልአር የተባለውን ማብራት አሮጌ ፕሮግራሞችን ከመጣል ያለፈ ለቤት ብዙ አይጨምርም። አሁንም ኤሜትን (የዚህን ክፍል የድሮ ቀዳሚ) አውርዱ የሚል ምክር ካጋጠመዎት ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ላይ እንዳቆመ ይወቁ። ዊንዶውስ 11 ላይ ከስሪት 22ኤች2 ጀምሮ ያለው፣ የማይታመን ፕሮግራም የሚያግደው ስማርት አፕ ኮንትሮል ጥሩ አጋዥ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ተለይቶ ነፃነት መስጠት ስለማይቻል ብርቅ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ሊያጠፋው ይገደዳል።

ኮሞዶ፦ ጥያቄውን የሚመልስ ሰው ካለ

የድሮዎቹ የድርጊት ጠባቂዎች ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) ራሱን እየጠለፉ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከርነሉን ከመነካት የሚጠብቀው ፓችጋርድ ሲመጣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። ኮሞዶ ከተረፉት አንዱ ነው፤ ዛሬም ነፃ ነው። በሁለት መልክ ይገኛል፦ አንቲቫይረስ ያለው ኮሞዶ ኢንተርኔት ሴኩሪቲ እና የሌለው ኮሞዶ ፋየርዎል። ከላይ የተባለውን ላስታወሰ ምርጫው ግልጽ ነው፤ ፋየርዎሉን የጫነ የዲፌንደርን ሕጎች እንደያዘ ይቆያል። ሲጫን ስለ ብራውዘርና ዲኤንኤስ የሚጠይቁ ሳጥኖች ካሉ ምልክቱን ያንሱ።

ውስጡ ሁለት የተለያዩ መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ኮንቴይንመንት ነው፦ የማይታወቅ ፕሮግራም በተለየ ክፍል ውስጥ ይሠራል፣ የሚጽፈው ሁሉ ሲ ድራይቭ ላይ ቪቲሩት በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀራል። መስኮቱ አረንጓዴ ጠርዝ ይኖረዋል። ሁለተኛው ለአጠራጣሪ ድርጊት ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ሂፕስ የሚባለው ነው፤ በቅርቦቹ ስሪቶች ጠፍቶ ነው የሚመጣው። "ኮሞዶ ጭኛለሁ፣ ሂፕስ አለኝ" የሚል ብዙ ሰው እንግዲህ የለውም። ማብራት የሚቻለው ታች ያለውን ምልክት በቀኝ ተጭኖ ከኮንፊገሬሽን ውስጥ ፕሮአክቲቭ ሴኩሪቲን በመምረጥ ነው። ይህ ምርጫ ኮንቴይንመንቱንም ያሰፋዋል፦ ከኢንተርኔትና ከፍላሽ የመጣውን ብቻ ሳይሆን የማይታወቅ ፋይልን ሁሉ ይይዛል።

ቀጥሎ ሂፕስን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ትሬኒንግ ሞድ ላይ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ የሚያየውን ሁሉ ዝም ብሎ ይፈቅዳል፣ ሕግም ይጽፍለታል። የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ይክፈቱ፤ ያትሙ፣ ያዘምኑ፣ ስብሰባ ይግቡ። ከዚያ ወደ ሴፍ ሞድ ይመልሱት። ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችላል፦ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ተይዞ ከነበረ ትሬኒንግ ሞድ ለአጥቂው ሕጋዊ ፈቃድ ይጽፍለታል፤ ወደ ሴፍ መመለስ ከተረሳ ደግሞ ሂፕሱ እንዳለ ሆኖ ምንም አያግድም። ፓራኖይድ ሞድ ሕግ ላልተጻፈለት ለማንኛውም ድርጊት ይጠይቃል፤ ለመማሪያ ግሩም ነው፣ ለመኖሪያ አይሆንም።

ጥያቄዎቹ እኩል ክብደት የላቸውም። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ማስነሳት ወይም ኮም ኢንተርፌስ (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበትን መንገድ) መጠቀም የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የሌላ ፕሮግራም ሜሞሪ መድረስ፣ ግሎባል ሁክ (የሌሎችን ፕሮግራሞች መልእክት መጥለፊያ) መትከል፣ ድራይቨር መጫንና ዲስኩን በቀጥታ መንካት ግን የሚያስቆሙ ናቸው፤ አሁን እርስዎ ራስዎ የጀመሩት ነገር ከሌለ "ብሎክ" ማለት አይጎዳም። ከሁሉ የከፋው ስህተት ጥያቄው ሲሰለች "ኢንስቶለር ኦር አፕዴተር" ብሎ መመለስ ነው። ያ መልስ ለፕሮግራሙና ለሚያስነሳቸው ልጆቹ ሁሉ የተዘረጋ ፈቃድ ነው፤ መሰጠት ያለበት ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ለወረደ መጫኛ ብቻ ነው።

ኮንቴይነሩም የራሱ ጉድለት አለው። ውስጡ ያለ ፕሮግራም እውነተኛ ፋይሎችዎን መቀየር ባይችልም ማንበብ ይችላል፤ ፕሮቴክትድ ዳታ የሚለው ዝርዝር ውስጥ የሰነድ ፎልደሮችዎን ካስገቡ ግን ጨርሶ አያያቸውም። ፋየርዎሉ ደግሞ ጥያቄ እንዳያሳይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ያልጠየቀውን ይፈቅዳል። ይህን ወደ "ብሎክ ሪኩዌስትስ" ካልቀየሩት የተነበበው ፋይል በኢንተርኔት ይወጣል። ሌላው የሚያስቆጭ ነገር፦ ኮንቴይነር ውስጥ የተሠራ ሥራ "ሪሴት" ሲባል አብሮ ይጠፋል። መትረፍ ያለበትን ሼርድ ስፔስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ።

ስኖርትና ሱሪካታ፦ ጥሩ መሣሪያ፣ የተሳሳተ ቦታ

ስኖርት እ.ኤ.አ. በ1998 ተወለደ፤ አሁን ከሲስኮ ጋር ነው፣ ሦስተኛው ትውልዱም በ2021 ወጣ። ሱሪካታ ኦአይኤስኤፍ የተባለ ድርጅት ሥራ ሲሆን ከመነሻው ብዙ ኮሮችን በአንድ ጊዜ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ሁለቱም የሚያዩት ፕሮግራምን ሳይሆን በመስመሩ የሚያልፈውን ፓኬት (የኔትወርክ መረጃ ቁራጭ) ነው። ለቤት ዊንዶውስ ስኖርትን አንመክርም፦ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ፓኬቱን ከጎን በማድመጥ ስለሆነ ያያል እንጂ ማገድ አይችልም። ሱሪካታ ዊንዳይቨርት በተባለ ድራይቨር በኩል ዊንዶውስ ላይም ማገድ ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ የድር ትራፊክ በአብዛኛው በቲኤልኤስ የተመሰጠረ በመሆኑ የሚያየው የዲኤንኤስ ጥያቄውን፣ የገጹን ስምና የግንኙነቱን ቅርጽ ብቻ ነው። በዎርድ ማክሮ የመጣውን ጥቃት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ጠባቂ ገና ሲነሳ ያየዋል፤ ሱሪካታ የሚያየው ከተነሳ በኋላ ወደ ውጭ ሲደውል ነው፣ ያውም ቁጥሩን ካወቀው።

በሊኑክስ ወይም በኦፒኤንሴንስ (ነፃ የራውተርና የፋየርዎል ሥርዓት)፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በራውተሩ መስመር ሲቀመጥ ግን ዋጋው ይታያል፤ ምንም ሊጫንባቸው የማይችሉትን ካሜራዎችና ቴሌቪዥኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠብቃል። ነፃው የኢመርጂንግ ትሬትስ ኦፕን ስብስብ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕጎች አሉት፤ ሁሉንም ማብራት ራም ይበላል፣ የውሸት ማስጠንቀቂያም ያበዛል። ቤት ውስጥ የሌለ የድር ሰርቨርን የሚመለከቱትን ያጥፉ፤ ማልዌርን፣ የተያዙ ማሽኖች ማዘዣን፣ ፊሺንግን የሚመለከቱትን ይተዉ።

እዚህም ያው ወጥመድ አለ። ሱሪካታን በማገጃ ሁኔታ ማስነሳት አይበቃም፤ ሕጎቹ ራሳቸው "አለርት" ተብለው ነው የሚወርዱት። በሱሪካታ አፕዴት የድሮፕ ዝርዝር ውስጥ የተመረጡት ወደ "ድሮፕ" ካልተቀየሩ በመስመሩ መካከል ቆሞ ማየት ብቻ ነው። ለመፈተን ቴስትማይኒድስ የተባለውን ገጽ ባልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ ይክፈቱ፤ ገጹ የሩት ተጠቃሚን መለያ የመሰለ ጽሑፍ ይመልሳል፣ ቁጥሩ 2100498 የሆነው ሕግም መጮኽ አለበት። ሕጉ "አለርት" ሆኖ ሳለ ገጹ ይከፈታል፣ ሎጉም ይመዘግበዋል። "ድሮፕ" ሲሆን ገጹ መከፈት የለበትም። ምንም ካልተመዘገበ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ ካርዱ ነው፦ ቼክሰምን (የፓኬቱን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ቁጥር) ካርዱ ራሱ ስለሚያሰላ ሱሪካታ ፓኬቱን የተበላሸ መስሎት ይዘለዋል። የካርዱን ኦፍሎድ (ስሌቱን ለካርዱ የሚተወውን ቅንብር) ማጥፋት ወይም የቼክሰም ምርመራውን መዝጋት ይፈታዋል። ከስሪት 7 ጀምሮ በማገጃ ሁኔታ ሲነሳ አስቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት ሊቆርጥ እንደሚችልም ይወቁ፤ ስብሰባ ላይ እያሉ አያስነሱት።

ሊኑክስና ማክ

በራውተር ጀርባ ላለና ምንም ፖርት ላልከፈተ የሊኑክስ ኮምፒውተር ፌይልቱባንም ክራውድሴክም ብዙ ሥራ የላቸውም፤ የሚያነቡት ከውጭ የሚመጣ የመግቢያ ሙከራን ነውና። ኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) ወደ ውጭ ከተከፈተ ግን ያስፈልጋሉ። ፌይልቱባን እንደመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል፤ ለትዕግሥተኛ አጥቂ ይህ አጭር ስለሆነ ወደ አንድ ቀን ያሳድጉት። ለውጡን ጄል ዶት ሎካል ውስጥ ይጻፉ፣ ጄል ዶት ኮንፍ ላይ ከጻፉት በሚቀጥለው ዝመና ሊጠፋ ይችላል። የራስዎን አድራሻ "ኢግኖር አይፒ" ላይ ማስገባት አይርሱ። ክራውድሴክ ሌሎች ተጠቃሚዎች ያገኟቸውን መጥፎ አድራሻዎችም ይጋራል፤ ነገር ግን ዋናው ፕሮግራም አግኚ ብቻ ነው፣ የሚያግደው ባውንሰር የተባለ ለብቻው የሚጫን ክፍል ነው። ያለ ባውንሰር ክራውድሴክ የሚያምር ዝርዝር ብቻ ይሰጣል። የትኛው ፕሮግራም ወደ ውጭ እንደሚደውል ማየት ለሚፈልግ ኦፕንስኒች አለ።

ማክ ላይ የኦብጀክቲቭ ሲ (Objective-See) ነፃ ፕሮግራሞች ሉሉና ብሎክብሎክ ጥሩ ጥንድ ናቸው። ሉሉ ወደ ውጭ የሚወጣን ግንኙነት ይይዛል፣ ወደ ውስጥ የሚመጣውን ለማክ የራሱ ፋየርዎል ይተወዋል። ብሎክብሎክ አንድ ነገር ማክ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ራሱን ሲተክል ይጠይቃል፤ ጥያቄው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ ሰው አንብቦ ይመልሰዋል።

ሲያራግፉ

ከኮሞዶ ወደ ዲፌንደር ብቻ የሚመለሱ ከሆነ መጀመሪያ ኮንቴይነሩ ውስጥ የቀረ ሥራ ካለ ያውጡ፤ ከዚያ ያራግፉ፣ ኮምፒውተሩን ያስነሱ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ የኔትወርክ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ከፍተው የኮሞዶ ፋየርዎል ድራይቨር በዝርዝሩ ውስጥ መቅረቱን ያረጋግጡ፤ ካለ መርጠው አንኢንስቶል ይበሉት። በመጨረሻ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የወዲያው ምርመራ መብራቱን አይተው ያንኑ የማክሮ ካልኩሌተር ሙከራ ይድገሙት፤ ሎጉ ላይ 1121 መምጣት አለበት።